ያንን ቮይስ ወደ ግሩፓችን የላክሁት እኔ ነኝ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። ከብሎካችን ምድር ላይ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ሲመጣ ስልኩንም ይዞ ይመጣል። «እስቲ ይሄን እዪልኝ፣ እውነት ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ስመልስ ኖሬያለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ የድምፅ መልእክት ለብሎካችን ነዋሪዎች ፎርዋርድ አደረግኩ። በዚያ ሰበብ አንዲት እናት ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ የነበረ ሰው አይረሳውም። አዋሽ ፈንታሌና ዶፋን ተራራ አካባቢ ምድር ከመስከረም ጀምሮ አላርፍ ብላ ነበር። ቦታው ከእኛ ወደ ምሥራቅ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እንደዚያም ሆኖ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው በደንብ ይሰማል። ታኅሣሥ 26፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ እስከዚያ ቀን ከተሰሙን ሁሉ የከረረው መጣ። መጠኑ 5 ነጥብ 8 ገደማ ተብሏል። እኔን የቀሰቀሰኝ የቤቱ መወዛወዝ አይደለም፤ የውሃው ድምፅ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜል አለ። መታጠቢያ ቤት ያስቀመጥነው በርሜል ውስጥ ውሃው ወዲያና ወዲህ ይንቦጫረቃል። የስልኬን መብራት ሳበራ ደግሞ አምፖሉ እንደ ጽና ይወዛወዛል። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ይውጣ ወይስ ይቆይ አላወቀም።

ከዚያ በኋላ በደህና የተኛ ሰው አልነበረም። ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የሚያድሩት። ጫማ በር ላይ ይደረደራል። መኪና ሲያልፍ እንኳ ልባችን ድው ይላል። ቮይሱ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ርዝመቱ 47 ሴኮንድ ነበር። የወንድ ድምፅ ነው፤ የረጋ፣ የተማረ ሰው አነጋገር ያለው። ወንድሙ ጂኦፊዚክስ እንደሚሠራ ይናገራል። «ለሕዝብ እንዳይነገር ተብሏል» ይላል። ዛሬ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ካለፈው የሚበልጥ ይመጣል፤ ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ፤ ፎቅ ላይ እንዳታድሩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የላከልኝ ዱከም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ቀልድ አያውቅም። ሁለቴ ሰማሁት። ከዚያ ለብሎካችን ግሩፕ ላክሁት። ከሥሩ «እባካችሁ ተጠንቀቁ» ብዬ ጻፍኩ። በወቅቱ የታየኝ ሰው ማዳን ነው እንጂ ወሬ መንዛት አልነበረም። የሐሰት ወሬ የሚያሰራጭ ሰው ክፉ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። አብዛኞቻችን የምንልከው ስለምንወዳቸው ነው። ቮይሱን የሠራው ሰውም ይህን አውቆ ነው «ለምትወዱት» ያለው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ሞላ። ፍራሽ የዘረጋ አለ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አለ። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጋ ደግሞ ሜዳው ክፍት ስለሆነ ነፋሱ አያድርስ ነው። የአራት ወር አራስ ልጅ ይዛ የወረደች ጎረቤት ነበረችን። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። የደረጃው መብራት ተቃጥሏል። እማማ በጨለማ ሲወርዱ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ነጠላቸውን ረገጡና ወደቁ። ጩኸቱን ስንሰማ ሁላችንም የመሰለን ርዕደ መሬቱ መጣ ብለን ነው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል።

8 ሰዓት ሆነ፣ 9 ሆነ፣ 10 ሆነ። ምንም አልመጣም። አዛን ተሰማ፣ ቀጥሎ የቅዳሴ ድምፅ። ሰው አንድ በአንድ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

እማማን በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ለምን በዚያ ጨለማ እንደተቻኮሉ ነገሩኝ። ልጅ ሆነው ማጀቴ ነበር የሚኖሩት። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን ሲያፈርሳት በዓይናቸው አይተዋል። «ልጄ፣ አንዴ ያየ ሰው አይጠብቅም» አሉኝ። እኔ የላክሁት የ47 ሴኮንድ ወሬ የገባው እዚያ ነው፤ የ60 ዓመት ትዝታ ውስጥ። ይህንን ከሰማሁ በኋላ ነው ቮይሱ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አልተውም ያልኩት።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። «ከማን ሰማህ?» አልኩት። አብራው ከምትሠራ ሴት ነው። «ታማኝ ልጅ ናት» አለኝ። ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልኩላት። እሷ ያገኘችው ከዕቁባቸው ግሩፕ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ናቸው የለጠፉት፣ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዝም ብለው አይናገሩም»። ለዳኛው እሷው ደወለችልኝ። እሳቸው ደግሞ ከአማቻቸው ነው የደረሳቸው። አማቻቸው ገላን ነው ያለው፤ «ከአንድ ትልቅ ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት፣ አድሚኑን ግን አላውቀውም» አለ። እዚያ ላይ ገመዱ ተቋረጠ።

ከእኔ ጋር አምስት ሰው ነን። አራታችን የተቀበልነው ከምናምነው ሰው ነው። አምስታችንም ያ «ወንድሜ» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ድምፁን ስሰማ የአክስቴ ልጅ ራሱ የሚያውቀው ሰው መስሎኝ ነበር። እሱም የሥራ ባልደረባው የምታውቀው መስሎታል። እምነቱ የእኛው ነው፤ ወሬው ግን ባለቤት የለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲደርሳችሁ «የላከልኝ ሰው ይታመናል?» ብቻ አትበሉ። የላከላችሁ ሰው ራሱ አይቷል ወይ? ካላየስ ያየውን ሰው ያውቀዋል ወይ? ሁለት ጥያቄ ነው፣ አንድ ስልክ መደወል ነው። ዋትስአፕ ላይ አንድ መልእክት አምስትና ከዚያ በላይ እጅ ከዞረ «ብዙ ጊዜ የተላለፈ» የሚል፣ ድርብ ቀስት ያለው ምልክት አብሮት ይመጣል። እሱን ስታዩ የላኪው ፊት አያታላችሁ፤ ከሩቅ የመጣ ነው። ቴሌግራም ላይ ከማን እንደተላለፈ ስም ይጽፋል፣ ግን የሚያስተላልፈው ሰው ከፈለገ ሊደብቀው ይችላል፤ ድምፁን አውርዶ እንደ አዲስ የሚልክም አለ።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ለሕዝብ እንዳይነገር ተብሏል።» እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። ለምን እንደያዘችኝ ብዙ አስቤበታለሁ።

እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን ብዙ ድረ ገጾች ዝግ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በአንድ ጊዜ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸው ተነገረ። ቁጥሩን ስሰማ የገረመኝ ያን ያህል መዘጋቱ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የተዘጋውን ሁሉ ሳላነብ ማመኔ ነው። የተዘጋ ነገር እውነት ስለሆነ ነው የተዘጋው እንል ነበር። ከተዘጋውም ውስጥ እውነት ነበረበት፣ ተራ ስድብም ነበረበት። ግን ተከፍቶ ካላየኸው በምን ትለያለህ? ዛሬም አንድ ሰው «ይህን እንዳትሰሙ ይፈልጋሉ» ሲለኝ ጆሮዬ ቀጥ ይላል። ያ የድሮው ልማድ ነው። ወሬ ነጋዴ ይህን ቁስላችንን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህንን ከዚህ በፊት ጽፌው አላውቅም።

ሰኔ 22 ማታ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ዓላማው ወሬ እንዳይቀጣጠል ነው ተባለ። ስልክ ግን ይሠራል። እናም ወሬው በስልክ ሆነ። አንዱ ከመንገድ ይመጣና ከበር ቆሞ ይናገራል፣ ያ ወደ ወንድሙ ይደውላል። ከሰማናቸው ስንቱ እውነት እንደነበር፣ ስንቱ እንዳልነበር ማወቂያ የለንም። የምናመሳክርበት ጠፋ። እውነተኛ ጥፋት በየቦታው እየደረሰ ስለነበር ደግሞ ሁሉም ሊሆን የሚችል ይመስላል።

አንድ ምሽት «ከታች ብሎኮች በኩል ሊመጡ ነው» ተባለ። ማን እንደሚመጣ በግልጽ የተናገረ የለም፣ ግን ሁሉም የየራሱን ፍርሃት ሞላበት። የብሎካችን ወንዶች ዱላ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ቆሙ። ባለቤቴም ቆመ። እኛ ሴቶች መብራት አጥፍተን ልጆች ይዘን አደርን። ማንም አልመጣም። ከሁለት ቀን በኋላ ታች ብሎክ ያለ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሻጯ ዓይኗ ቀልቷል። «ምነው?» አልኳት። «እናንተ ጋ በኩል ሊመጡ ነው ተብሎ ወንዶቻችን ቆመው አደሩ፣ እኛም እንቅልፍ አልወሰደንም» አለችኝ። ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ሁለት ብሎክ ሙሉ ሰው ዱላ ይዞ እርስ በርሱ ሲጠባበቅ ነው ያደረው። አንድ ልጅ በጨለማ ሮጦ ቢያልፍ ኖሮ ምን እንደሚሆን ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል።

ስለዚህ ኢንተርኔት መዝጋት ወሬን ያበርዳል የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። የሚዘጋው ማጣሪያው ነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው አምስት ወር ገደማ ሲቆዩም ያው ነው የሆነው። ቪፒኤን፣ ማለትም እገዳውን አልፎ የሚያስገባውን መተግበሪያ፣ መጠቀም የሚችል ይገባል፣ የማይችል አይገባም። ሱቄ ውስጥ ቪፒኤን ያለው አንድ ጎረምሳ የሰፈሩ ዜና አንባቢ ሆኖ ነበር። ያየውን ሳይሆን የፈለገውን ቢነግረን ማን ያውቃል? በነገራችን ላይ ነፃ ቪፒኤን ያገኛችሁትን ሁሉ አታውርዱ። ኢንተርኔት ላይ የምትሄዱበትን መንገድ ለማታውቁት ሰው እየሰጣችሁ ነው።

ከእማማ መውደቅ በኋላ ባለው ሳምንት ሌላ ነገር ገጠመኝ። ቲክቶክ ላይ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተሰነጠቀ፣ ነዋሪዎች ውጡ» የሚል ቪዲዮ መጣ። ሙዚቃው የሚያስፈራ ነው። ስንጥቁን ቀረብ አድርጎ ያሳያል። ሳየው ግድግዳውን አወቅኩት። የእኛ ደረጃ ነው። ከስንጥቁ አጠገብ ልጄ በጠመኔ የሳላት ፀሐይ አለች፣ ስድስት ጨረር ያላት፣ አንደኛዋ የተጣመመች። ያ ስንጥቅ ቁልፍ ከተረከብንበት ጊዜ ጀምሮ አለ። ልስኑ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ባለቤቴ ያኔውኑ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀን ጽፎበታል፣ ይሰፋ እንደሆነ ለማየት። ወረድኩና አየሁት። ከእርሳሱ ምልክት አንድ ጣት እንኳ አላለፈም።

ይህን ሁሉ ኮሜንት ላይ ጻፍኩ፤ የእርሳሱንም ምልክት ፎቶ አንስቻለሁ፣ መጥታችሁ እዩ አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮሜንቴ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ብሎክ ተደረግኩ። ቪዲዮው ግን እንዳለ ነው። ከሌላ ስልክ ገብቼ ሳይ ከሥሩ ያለው ሁሉ «ፈጣሪ ይጠብቃችሁ» የሚል ሆኗል። አፍ ማዘጋት የመንግሥት ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ስልክ ያለው ልጅም የእኔን ደረጃ ለእኔው ዘጋብኝ።

ከዚህ በኋላ የምከታተላቸውን ገጾች የምፈትንበት አንድ መንገድ አገኘሁ። በዓይኔ ያየሁትን ጉዳይ እንዴት እንደዘገቡት ወደ ኋላ ሄጄ አያለሁ። ስለ ሩቅ ነገር ሊዋሹኝ ይችላሉ፤ ስለ ራሴ ደረጃ ግን አይችሉም። ከማያቸው ገጾች አንዱ የስንጥቁን ቪዲዮ ለጥፎት ነበር፤ ኋላ ላይ ዝም ብሎ አጥፍቶታል። ሌላው ጭራሽ አልነካውም። ሦስተኛው ለጥፎት ነበር፣ ግን በማግስቱ ከላይ «ትናንት ያወጣነው ስህተት ነው፣ ስንጥቁ የቆየ መሆኑን ነዋሪዎች ነግረውናል» ብሎ ጻፈ። የዚያን ገጽ አቋም አልወድለትም፤ ብዙ ጊዜ ያናድደኛል። ዛሬ መጀመሪያ የምከፍተው ግን እሱን ነው። የሚያስደስተኝን የሚጽፈውን ሁለተኛውን ገጽ ደግሞ አሁን በጥንቃቄ ነው የማየው፤ ያ ገጽ ምን ቢለኝ ሳላጣራ እንደማምነው ራሴን ስለማውቀው።

የባለሙያዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ያን ሰሞን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ በተለይ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ፣ በየሚዲያው ይጠየቁ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አላረኩኝም። እኔ የምፈልገው «ዛሬ ተኙ» ወይም «ዛሬ ውጡ» የሚለኝ ሰው ነበር። እነሱ ግን ርዕደ መሬት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ መተንበይ እንደማይቻል ነው የሚያስረዱት። ከምድር በታች ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያውቃሉ፣ የት እንደሆነ ያውቃሉ፣ መቼ እንደሚቆም ግን አያውቁም። ቮይሱ ሰዓት ሰጥቶኛል፣ ሳይንቲስቱ አልሰጠኝም። እኔም ሰዓት የሰጠኝን አመንኩ። አሁን ግን የእውቀቱን ዳር ድንበር የሚነግረኝን ሰው ነው የምፈልገው። «እስከዚህ አውቃለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ያለኝ ሰው እስከዚያ ያለውን ሲነግረኝ አምነዋለሁ። በዚያውም የጠቀመኝን ነገር ያገኘሁት ከነሱ ነው። ምድር ስትናወጥ በደረጃ መሮጥ አደገኛ መሆኑን፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጭንቅላትን መከለል እንደሚሻል ያኔ ነው ያወቅኩት። ለእማማ ቀድሜ ይህን ልኬላቸው ቢሆን ኖሮ!

የሰዓትን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ በየአገሩ የደረሰውን ጠንከር ያለ ርዕደ መሬት ይመዘግባል፤ ሰዓቱን ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሊያሳያችሁ ይችላል። ሦስት ሰዓት ስትጨምሩ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያ ስድስት ስትቀንሱ (ካልበቃ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት) የእኛ አቆጣጠር ነው። 00:52 የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 9:52 ማለት ነው። ሱቄ መጥቶ «ሊመጣ ያለውን ሰዓት ጽፈውታል» ብሎ የተጨነቀ ሰው ነበር። አብረን ስናሰላው ያለፈው ነው። ቀኑም እንደዚያው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ያረጀ ዜና ሲዞር ብዙ ሰው አይነቃበትም። ያን ጊዜ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ተብሎ የዞረ አንድ ቪዲዮም ነበር። ስክሪንሾት አድርጌ በምስል በሚፈልገው በጎግል ሌንስ ስፈልገው ከዓመታት በፊት ሌላ አገር የተቀረፀ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲህ ያለውን እያጣሩ በአማርኛ የሚያወጡ እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያሉም አሉ። የምወድላቸው መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሱበት ስለሚያሳዩ ነው፤ እኔም መንገዱን ከነሱ ነው የተማርኩት። የብሎክ ወሬ ግን እነሱ ጋ አይደርስም። እሱን እኛው ነን የምናጣራው።

እሱ ደግሞ ቀላል አልሆነልንም። ከእማማ አደጋ በኋላ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢያችን የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እኔው ጋ ኮፒ አስደርገው መጡ። እስራትም ገንዘብም እንደሚያስቀጣ፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እንደሚከብድ አነበቡልን። ስሜን አላነሱም። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፑ ጸጥ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ውሃ መጣ» ከሚል በቀር ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ደስ አለኝ፣ ተማርን ብዬ። ኋላ ግን ሱቅ የሚመጣው ሰው ስልኩን ዝቅ አድርጎ እያሳየ፣ ድምፁን ቀንሶ «ይሄንን ሰማሽ?» ይለኝ ጀመር። ወሬው አልቀረም፤ በየግል ገብቷል። ግሩፕ ላይ ቢሆን አንዱ «ኧረ ይሄ ውሸት ነው» ይል ነበር። በግል ግን ማን ያርመዋል?

ሰብሳቢያችን በመሀል አድሚንነቱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የተጠራጠርኩትን ሁሉ ማጥፋት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቅ መጣና «እትዬ፣ አንቺም መዝጋት ጀመርሽ?» አለኝ። ያጠፋሁበት መልእክት ትራንስፎርመሩ ሊቀየር ስለሆነ ለሁለት ቀን መብራት ይጠፋል የሚል ነበር። ምንጭ ስላልጻፈ ውሸት መሰለኝ። እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ሰፈር ሙሉ ሰው ሳይዘጋጅ መብራት ጠፋ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ ተበላሸ። ልጁ ትክክል ነበር። ኮሜንቴን ያጠፋብኝ የቲክቶክ ልጅና እኔ በዚያች ሰዓት አንድ ሥራ ነበር የምንሠራው፤ እኔ ለበጎ ብዬ መሆኔ ለጎረቤቶቼ ምንም አልፈየደላቸውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተስማማን። ማንም ምንም ቢለጥፍ አይጠፋም፤ የሰው ገመና ወይም «እነ እገሌን ምቱ» የሚል ካልሆነ በቀር። ግን የሚለጥፍ ሰው ከላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ አየሁ፣ ካየ ሰው ሰማሁ፣ ወይም አላውቅም። ሌላ የለም። ከሥሩ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይመልሳል። ስህተት ከሆነ ያመጣው ሰው ራሱ ተመልሶ «ስህተት ነው» ብሎ ይጽፋል፣ መጀመሪያ የጻፈውንም አያጠፋም። መጀመሪያ ላይ ሰው ተሽኮረመመ። «አላውቅም» ብሎ መጻፍ እንደ ሽንፈት ይታይ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያንን የ47 ሴኮንድ ቮይስ መልሼ አወጣሁትና «ይህን የላክሁት እኔ ነኝ። ከማን እንደመጣ አላውቅም ነበር። ስህተት ነው። እማማን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እናንተንም እጠይቃለሁ» አልኩ። ለረጅም ጊዜ የመለሰ አልነበረም። ከዚያ አራሷ ጎረቤቴ «እኔም ለእህቶቼ ልኬው ነበር» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። አሥራ አንድ ሰው ልኮት ኖሯል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። አሁንም ሳይጽፍ የሚለጥፍ አለ፣ የሚኮርፍም አለ። መሥሪያ ቤቶችም ለሚጠየቁት ቶሎ ስለማይመልሱ «ካየ ሰው ሰማሁ» የሚለውን ሳምንት ሙሉ ይዘን የምንቀመጥበት ጊዜ አለ። የመሥሪያ ቤት ገጽ መስሎ አንዲት ፊደል ወይም ሰረዝ ጨምሮ የተከፈተ የውሸት ገጽም ሁለቴ ገጥሞናል፤ ስሙን ፊደል በፊደል ማየት ለምደናል።

ባለፈው እሑድ እማማ ጋ ቡና ጠጥተን ነበር። እጃቸው ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ግን ያማቸዋል፤ ጀበናውን በግራ እጃቸው ነው የሚያነሱት። ሁለተኛው እየተቀዳ ስልካቸው ጮኸ። የወንድማቸው ልጅ ቮይስ ልኮላቸዋል፤ አንድ መድኃኒት ስኳር በሽታን ከነሥሩ ይነቅላል የሚል ነው። ሳይከፍቱት ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

«ልጄ፣ ደውዪልኝ እስቲ ለዚህ ልጅ።»

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው። ከሰላምታው በኋላ በቀጥታ ጠየቁት፦ «ይሄን መድኃኒት የወሰደ ሰው አይተሃል?»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «አይ፣ አላየሁም እማዬ። ለእኔም ተልኮልኝ ነው።»

«ማን ላከልህ?»

«ጓደኛዬ።»

«ደውልለትና ጠይቀው። እኔ ቡናው እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ» አሉና ሲኒዬን ሞሉልኝ።